ዳኛ በማይታይበት ውድድር፦ በአማተር ራዲዮ ራስን መጠቆም ለምን ያጣላል?

ፒያሳ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ፣ ሁለት ሰው!» ረዳቱ የሚጠራው የሚያውቀውን ሰው አይደለም። ወደዚያ የሚሄድ ማንም ይስማና ይምጣ ነው ነገሩ። አሁን ይህንኑ ጥሪ በሐሳባችሁ ወደ ዓለም ሁሉ አስፉት። በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ከጃፓን እስከ ብራዚል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወይም ከክበባቸው ሆነው በአጭር ሞገድ ራዲዮ «እዚህ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?» እያሉ ይጣራሉ። የሰማ ይመልሳል። ሁለቱም ይመዘግባሉ። ከዚያ በቃ፣ ወደ ቀጣዩ! በመጨረሻ ብዙ ሰው ያገኘና ብዙ አገር ያዳረሰ ያሸንፋል። ይህ የአማተር ራዲዮ ውድድር ይባላል።

ግን አንድ ነገር አስቡ። በእግር ኳስ ሜዳው ይታያል፣ ፊሽካ የያዘ ዳኛ አለ፣ ተመልካችም አለ። እዚህ ግን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በሩን ዘግቶ ነው የሚጫወተው። ከተፈቀደው በላይ ኃይል ቢጠቀም፣ ያልሰማውን ሰማሁ ቢል፣ ወይም ጓደኛው በስልክ ቢረዳው በዚያች ደቂቃ ማን ያየዋል? እንዲህ ያለ ውድድር እንዴት ሊታመን ቻለ? መልሱ ውስጥ ሒሳብም አለ፣ ሐቀኝነትም አለ። ሁለቱ ደግሞ ከምናስበው በላይ የተያያዙ ናቸው።

ከፒያሳ ሽቅብ፣ አምስት ኪሎ

ነገሩ ከእኛ ሰፈር የራቀ አይደለም። ከፒያሳ ተነስታችሁ የራስ መኮንንን ድልድይ ብትሻገሩ፣ አራት ኪሎንም አልፋችሁ ሽቅብ ብትሄዱ አምስት ኪሎ ትደርሳላችሁ። እዚያ ባለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ አለ። በአየር ላይ የሚታወቀው «ኢቲ3ኤኤ» በሚል መጠሪያ ነው። ይህ የጥሪ ምልክት ይባላል። እንደ መኪና ታርጋ ቁጠሩት። የፊተኞቹ ፊደላት አገሩን ይናገራሉ፣ ቀሪው ጣቢያውን ይለያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኢትዮጵያ በ«ኢቲ»፣ በ«9ኢ» እና በ«9ኤፍ» የሚጀምሩ ምልክቶችን መድቧል። በዓለም ላይ «ኢቲ» የሚል ድምፅ የሰማ አማተር ወዲያው ጆሮውን ያቆማል።

ለምን? ምክንያቱም በአየር ላይ ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ነው። እንደ ጀርመን፣ ጃፓን ወይም አሜሪካ ባሉ አገሮች አማተሮች እጅግ ብዙ ናቸው። ከእኛ ግን አንድ ጣቢያ ብቅ ሲል ሁሉም ይሻማዋል። ይህ መሻማት በውድድር ላይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ ማየት አለብን።

የነጥቡ ሒሳብ

ከትልልቆቹ ውድድሮች አንዱን፣ ሲኪው ወርልድ ዋይድን እንውሰድ። በድምፅ የሚደረገው በጥቅምት አጋማሽ፣ በሞርስ ኮድ የሚደረገው በኅዳር አጋማሽ ነው። ሁለቱም 48 ሰዓት ይፈጃሉ። በዓለም አቀፍ ሰዓት ቅዳሜ 00፡00 ይጀምራል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የሚያበቃው ደግሞ ሰኞ ሊነጋ ሲል በዚያው ሰዓት ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ማለት ነው።

በሌላ አህጉር ካለ ጣቢያ ጋር መገናኘት 3 ነጥብ ያስገኛል። በአንድ አህጉር ውስጥ ካለ ሌላ አገር ጋር ከሆነ 1 ነጥብ ነው። ከራስ አገር ሰው ጋር 0። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሮም ቢገናኙ 3፣ ናይሮቢ ቢገናኙ 1። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዋናው «አባዢ» የሚባለው ነው። በእያንዳንዱ ባንድ ላይ አዲስ አገር ባገኛችሁ ቁጥር አንድ አባዢ ይጨመርላችኋል። ዓለም በ40 ዞን ስለተከፈለች አዲስ ዞን ማግኘትም ሌላ አባዢ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከኡጋንዳ ጋር በዞን 37 ውስጥ ናት። የመጨረሻው ውጤት የነጥቦቹ ድምር በአባዢዎቹ ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል።

አንድ ተወዳዳሪ 1,000 ግንኙነት አድርጎ በእያንዳንዱ 3 ነጥብ አገኘ እንበል፤ 3,000 ነጥብ። አባዢዎቹ 200 ናቸው። ውጤቱ 600,000 ይሆናል። አሁን አንድ ተራ ግንኙነት ቢጨምር፣ 3,003 በ200 ሲባዛ 600,600 ነው። ጭማሪው 600 ብቻ። ያ ግንኙነት ግን አዲስ አገር ቢሆን ኖሮ፣ 3,003 በ201 ሲባዛ 603,603 ይሆናል። ጭማሪው 3,603። አዲስ አገርም አዲስ ዞንም ከሆነ ደግሞ 606,606፣ ማለትም የ6,606 ጭማሪ። አያችሁ አይደል? በዚያ ባንድ ላይ ከዞን 37 እስከዚያ ድረስ ማንንም ላላገኘ ሰው አንዲት የኢትዮጵያ ጣቢያ የአሥራ አንድ ተራ ግንኙነቶችን ያህል ዋጋ አላት።

ስለዚህ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፤ ያቺ ጣቢያ አሁን የት ናት? በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ?

ማግኘት ለምን ከባድ ሆነ?

የ20 ሜትር ባንድ የሚባለው ከ14.000 እስከ 14.350 ሜጋኸርትዝ ያለው ነው። ለድምፅ የሚውለው ክፍል በግምት 200 ኪሎኸርትዝ ስፋት አለው። አንድ የድምፅ ሲግናል ወደ 2.5 ኪሎኸርትዝ ይይዛል። ስታካፍሉት 80 ገደማ መቀመጫ ይወጣዋል። 80 ወንበር ላለው አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ ማለት ነው! ሁሉም ይደራረባሉ፣ ይጋፋሉ። በዚያ ላይ ሲግናሉ የሚጓዘው ወደ ላይ ወጥቶ በአዮኖስፌር ታጥፎ ሲመለስ ነው። አዮኖስፌር ደግሞ ከፀሐይ ጋር ስለሚለዋወጥ ቀን የሚሠራው ባንድ ሌሊት ይዘጋል። ሌሊት የ40 እና የ80 ሜትር ባንዶች ይከፈታሉ። ቀን ደግሞ የ10፣ የ15 እና የ20 ሜትር።

ስለዚህ ጥሩ ተወዳዳሪ ማለት የትኛው ባንድ መቼ ወደ የት እንደሚከፈት የሚገምት፣ በጫጫታው መሀል ደካማዋን ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ሰው ነው። ጆሮና ግምት። ውድድሩ ሊለካ የተፈለገው ይህን ነው።

ጥቆማ የሚባለው ነገር

በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አማተሮች አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ኮምፒውተሮችን በራዲዮ አያይዘው አንዱ የሰማውን ለሌላው በጽሑፍ ማሳወቅ ጀመሩ፤ «በዚህ ፍሪኩዌንሲ ላይ እገሌ አለ» እያሉ። ዛሬ ይህ ነገር በኢንተርኔት ይሠራል፤ ዲኤክስ ክላስተር ይባላል። አንድ ሰው ጣቢያውን ሲሰማ አንድ መስመር ይጽፋል፤ በሰከንድ ውስጥ ዓለም ሁሉ ያየዋል። እኛ ይህን መስመር «ጥቆማ» እንበለው።

ጥቆማ የሚለውን ቃል የመረጥኩት በምክንያት ነው። የዕድር ስብሰባ ላይ ኮሚቴ ሲመረጥ አይታችሁ ይሆናል። «እስቲ ጥቆማ እንቀበል» ይባላል። አንዱ እጁን አውጥቶ ሌላውን ይጠቁማል። ራሱን የሚጠቁም ሰው ግን ቢነሳ? አዳራሹ ይስቃል ወይም ዝም ይላል። ሕግ ስለጣሰ ብቻ አይደለም። ጥቆማው ዋጋ ያለው ሌላ ሰው ስላየው፣ ስለመሰከረለት ነው። የራስ ምስክርነት ሌላ ነገር ነው።

በራዲዮም እንደዚያው ነው። ጥቆማ የሚለው ነገር በሥሩ «እኔ ይህን ጣቢያ ሰማሁት» የሚል ምስክርነት ነው። ራሱን የሚጠቁም ተወዳዳሪ ግን ማንም ሳይሰማው ተሰማሁ ይላል። ለብዙ ዓመታት በትልልቆቹ የአጭር ሞገድ ውድድሮች ራስን መጠቆምም ሆነ «ጠቁሙኝ» ብሎ መለመን ክልክል ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

«ምን አለበት? አንድ መስመር ናት»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የራሴ ፈተና ነው። ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር በሄድኩበት ጊዜ በአንድ የተማሪዎች ክበብ ጣቢያ እንግዳ ሆኜ በውድድር ላይ ተቀመጥኩ። ተራዬ 14 ሜጋኸርትዝ ላይ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጣራሁ። የመለሰልኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ጉሮሮዬ ደረቀ። ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ክላስተሩን በስልኩ የሚከታተል ጓደኛዬ በቴሌግራም ጻፈልኝ፤ «ኧረ ወንድሜ፣ ማንም አልጠቆማችሁም። ልጠቁማችሁ እንዴ?»

የዚያ ውድድር ሕግ ይህን ይከለክላል። አውቃለሁ። ቢሆንም ጣቴ «እስቲ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ አልላኩትም እንጂ። ከጎኔ የነበረው አንጋፋ ኦፕሬተር ማያ ገጹን አይቶ አልተቆጣም። ነገሩን ሳስረዳው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ታዲያ ሎጉ ላይ ስንት ኦፕሬተር ነበርን ብለን ልንጽፍ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ለጓደኛዬ «ተወው» ብዬ ጻፍኩለት። ቅር አለው። «ምን አለበት? አንድ መስመር ናት እኮ!» አለኝ። ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። አሁን ልሞክር።

መልሱ፦ የምንለካው ነገር ይቀየራል

እኛ መሐንዲሶች ከመለካታችን በፊት ምን እየለካን እንደሆነ እንጠይቃለን። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ምድጃ አጠገብ ብታስቀምጡት የሚነግራችሁ የክፍሉን ሙቀት አይደለም፣ የምድጃውን ነው። መሣሪያው አልዋሸም። እኛ ነን ቦታውን ያበላሸነው።

ጥቆማ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን አስቡ። የተጠቆመው ጣቢያ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ሰው ይጎርፍበታል። በሰዓት ከ100 በላይ ግንኙነት ማድረግ ይቻላል። አጠገቡ ያለው፣ እኩል አንቴና እኩል ጆሮ ያለው ያልተጠቆመ ተወዳዳሪ ግን ብቻውን ይጣራል። ስለዚህ አንዲት መስመር ውጤትን በእጅጉ ልትቀይር ትችላለች። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የተለካው ማን ጥሩ ኦፕሬተር እንደሆነ ሳይሆን ማን ብዙ ጓደኛ እንዳለው ነው። ቲክቶክ ላይቭ ላይ «ታፕ ታፕ አድርጉልኝ፣ ሼር አድርጉ» የሚባለውን ታውቁታላችሁ። እዚያ ጨዋታው ራሱ እሱ ስለሆነ ችግር የለውም። ሁሉም ያውቀዋል። የሩጫ ውድድር ውስጥ ግን ማን ብዙ ደጋፊ ጠራ ተብሎ ሜዳሊያ አይሰጥም።

ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ደጋግመው የሚጠቁሙትም ተወዳዳሪ ያው ነው። እጁ አልነካውም፤ ግን መድረኩን ያቆሙለት የእሱ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በአሜሪካው የአማተር ራዲዮ ማኅበር የቪኤችኤፍ ውድድሮች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ራስን መጠቆም ተፈቅዷል። ለምን? የቪኤችኤፍ ሲግናል አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አይሄድም። አንቴናዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዩ ጠባብ ናቸው፣ ተወዳዳሪውም ጥቂት ነው። ሁለት ሰዎች ሳይገጣጠሙ ቀኑ ሊያልቅ ይችላል። እዚያ ችግሩ መጋፋት ሳይሆን መጠፋፋት ነው። ስለዚህ ተመካክረው ፈቀዱ፣ ለሁሉም እኩል። በአጭር ሞገድ ውድድሮችም ክርክሩ አላቆመም፤ ሕጎቹም በየጊዜው ይሻሻላሉ። በሞርስ ኮድ ደግሞ ሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ የሚባል ነገር መጥቷል። በብዙ አገሮች ያሉ መቀበያዎች ባንዱን ሙሉ ያዳምጣሉ፤ የሚጣራውን ሁሉ በኮምፒውተር ተርጉመው ያለ አድልዎ ይጠቁማሉ። ጓደኛ ያለውም የሌለውም እኩል ይወጣል።

እንግዲህ ጥፋቱ መጠቆሙ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ሌሎቹ የማይጠቀሙበትን ነገር ተደብቆ መጠቀም ነው። በግልጽ የተፈቀደ እርዳታ የጨዋታው አካል ይሆናል። የተደበቀ እርዳታ ግን ሚዛኑ ላይ የተጫነ ጣት ነው።

ሚዛኑ እንዴት ይሠራል?

ሚዛን ካልኩ አይቀር፣ የፒያሳን ወርቅ ቤቶች አስቡ። ወርቅ የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ሳያይ አይከፍልም። ሻጩን ስላላመነ አይደለም። ሚዛኑ ሁለቱንም ከጥርጣሬ ስለሚያወጣ ነው። የራዲዮ ውድድርም ሚዛን አለው፤ የሎግ ማመሳከር ይባላል።

ውድድሩ እንዳለቀ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መዝገቡን ይልካል። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ባንድ እንደተገናኘ የሚዘረዝር ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ በሺዎች የሚቆጠሩትን ሎጎች ጎን ለጎን ያመሳክራል። እኔ «ከእገሌ ጋር ተገናኘሁ» ካልኩ የእገሌ ሎግ ውስጥ የእኔ ስም በዚያው ሰዓት መገኘት አለበት። ከሌለ ግንኙነቱ ይሰረዛል፤ በአንዳንድ ውድድር ተጨማሪ ነጥብም ይቀጣል። የጥሪ ምልክቱን አንዲት ፊደል ብሳሳትም ይያዛል። በማንም ሌላ ሰው ሎግ ውስጥ የሌሉ ብቸኛ ምልክቶች በአንድ ሎግ ውስጥ ከበዙ ደግሞ «ይህ ሰው እውነት እነዚህን ሰምቷል?» ያሰኛል። አየኋችሁ፣ እዚህ ዳኛው አንድ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሳያውቀው ለሌላው ምስክር ነው።

ሰዓት የሚቀይርም ይያዛል። አንድ ሰው ግንኙነቱን ለማስማማት ሲል ሎጉ ላይ ደቂቃዎችን ቢያዛባ ያገኛቸው ሰዎች ሎጎች ሁሉ ሌላ ሰዓት ይናገራሉ።

የተደበቀ ጥቆማ መጠቀምስ? «ብቻዬን ነኝ፣ ክላስተር አላይም» ብሎ የተመዘገበ ተወዳዳሪ አለ እንበል። አጣሪዎቹ እያንዳንዱ ጥቆማ የወጣበትን ጊዜ እና እሱ ያንን ጣቢያ ያገኘበትን ጊዜ ያነጻጽራሉ። በእውነት በጆሮው ብቻ የሚፈልግ ሰው አንዳንዱን ከጥቆማው በፊት፣ አንዳንዱን ብዙ ቆይቶ ያገኛል፤ ልዩነቱ ወዲህም ወዲያም የተበተነ ነው። ክላስተር የሚያይ ሰው ግን ጥቆማው በወጣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይደርሳል፤ አሁንም፣ አሁንም፣ አሁንም። አንዴ ቢሆን ዕድል ነው። መቶ ጊዜ ሲደጋገም ግን በግራፉ ላይ እንደ ተራራ ጎልቶ ይወጣል። በዚህ ላይ አዘጋጆች ባንዱን ሙሉ በድምፅ ይቀዳሉ፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትንም የራሳቸውን ቅጂ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ግን ሚዛኑ ሁሉን አያይም። ኃይልን እንውሰድ። በሲኪው ወርልድ ዋይድ ዝቅተኛ ኃይል ማለት እስከ 100 ዋት፣ ከፍተኛ ማለት እስከ 1,500 ዋት ነው። ልዩነቱ 15 እጥፍ ነው፤ በዴሲቤል 11.8 ገደማ። በመቀበያው መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ 6 ዴሲቤል ስለሆነ 15 እጥፍ ኃይል ከሁለት ደረጃ አይበልጥም። ሩቅ ያለ ሰው ይህን ልዩነት ሰምቶ «ይሄኛው አጭበርብሯል» ሊል አይችልም። ጥሩ አንቴና ወይም ጥሩ አዮኖስፌርም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ኃይሉን የሚያውቀው ከማጉያው ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሐቀኝነት ነው፣ ሌላ መሣሪያ የለም።

እኩል ሜዳ ቢሰጣቸውስ?

«ማን ጎበዝ እንደሆነ በእርግጥ እንወቅ» ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በሲያትል የዓለም የራዲዮ ስፖርት የቡድን ሻምፒዮና ጀመሩ። በ2018 ጀርመን ቪተንበርግ፣ በ2023 ደግሞ ጣሊያን ቦሎኛ አካባቢ ተካሂዷል። በእነዚህ ውድድሮች ቡድኖቹ አንድ አካባቢ ይሰበሰባሉ፤ ተመሳሳይ አንቴናና ተመሳሳይ የኃይል ገደብ ይሰጣቸዋል። ሁለት ኦፕሬተሮች ይቀመጣሉ፤ ከጎናቸው የሚያዳምጥ ዳኛ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጥሪ ምልክታቸው ነገር ነው። ቡድኖቹ በራሳቸው ታዋቂ ምልክት አይወዳደሩም። ለውድድሩ ብቻ የተዘጋጀ ምልክት በፖስታ ታሽጎ በዕጣ ይደርሳቸዋል፤ የሚከፍቱት ውድድሩ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ነው። ማንነታቸውን በአየር ላይ መናገር አይችሉም። ጓደኞቻቸው ሊረዷቸው ቢፈልጉ እንኳ የትኛው የእነሱ እንደሆነ አያውቁም። ዝና፣ ጓደኛ፣ አገር፣ ሁሉም ተነሣ። የቀረው ጆሮና ግምት ነው።

ታዲያ ስለ ራስ መናገር ሁሉ ነውር ነው?

አይደለም። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚባለውን ይዞ የሚሮጥ ሰው ሌላ ነው፣ ሥራውን የሚያስተዋውቅ ሰው ሌላ። ክበባችሁ በመጪው ውድድር እንደሚሳተፍ አስቀድሞ ማሳወቅ ጥሩ ነው። ከውድድሩ በኋላ ውጤትን ማሳወቅ፣ ፎቶ መለጠፍ፣ የግንኙነት ማረጋገጫ ካርድ በሚያምር ሥዕል አሳትሞ መላክም የዚህ ዓለም ደስታ ነው። መስመሩ የሚታየኝ እዚህ ጋ ነው፤ «እኔ ማን ነኝ» ማለት ማስተዋወቅ ነው። ውድድሩ እየተካሄደ «አሁን የት ነኝ» ብሎ በጎን መናገር ግን ሌሎች በጆሯቸው ሊያገኙት የሚገባውን መልስ ማቀበል ነው።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ፈተና ደግሞ ትንሽ ይለያል። ከኢትዮጵያ የሚጣራ ጣቢያ ራሱን መጠቆም አያስፈልገውም፤ ሌሎች ቀድመው ይጠቁሙታል። ሰው በሰው ላይ ይደራረባል። ያኔ ፍትሕ የሚለካው በሌላ በኩል ነው። የጥሪ ምልክትህን ቶሎ ቶሎ ትናገራለህ ወይስ ጊዜ ለመቆጠብ ትደብቃለህ? ሰው ማንን እንደሚጠራ ሳያውቅ ሰልፍ ይይዛል እኮ። 5 ዋት ይዞ ከጫጫታው ሥር የሚጣራውን ለመስማት ትሞክራለህ ወይስ ጮክ ያለውን ብቻ ትመልሳለህ? የምታውቀውን ሰው ከሰልፉ አውጥተህ ታስቀድማለህ? የሚፈለግ ሰው ኃላፊነትም አለበት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በውድድር ላይ ሁሉም ለሁሉም «59» ይላል። ትርጉሙ «ፍጹም ግልጽ ነህ፣ ድምፅህም ጠንካራ ነው» ማለት ነው። የማይሰማ ሰው ሦስት ጊዜ «ድገምልኝ» ከተባለ በኋላ እንኳ «59» ይባላል! ውሸት ነው? እኔ አይመስለኝም። ሁሉም ባዶ ሰላምታ መሆኑን ያውቃል፤ ማንም በእሱ አይጠቀምም፣ ማንም አይጎዳም። ከኢትዮጵያ የሚጣራ ሰው ከ59 ቀጥሎ የሚናገረው 37 ግን እውነተኛ መረጃ ነው። እሱን መስማትና በትክክል መጻፍ ግዴታ ነው።

ለጓደኛዬም መልሴ ይኸው ነው። አንዷ መስመር ትንሽ ናት፣ ልክ ነህ። ግን ያቺን መስመር ብንጽፍ ኖሮ ያን ቀን ስንት ሰው እንደሰማኝ መቼም አላውቅም ነበር። በነገራችን ላይ በውጤቱ ወደ ላይ አልወጣንም። አንቴናውን ወደ ምሥራቅ አዙረን፣ መጣራቱን ትተን መፈለግ ጀመርን። ጥቂት ጃፓኖችን አገኘን። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን የእኛው ነው።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ ከማዳመጥ ጀምሩ። ለማሠራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ስፔክትረምን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለማዳመጥ ግን ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚከፈቱ መቀበያዎች አሉ። ለምሳሌ በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው በስልካችሁ ይሠራል። በጥቅምት አጋማሽ፣ ውድድሩ በተጀመረበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 14.200 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ግቡ። ክላስተሩን ዝጉት። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት አገር ለይታችሁ እንደሰማችሁ ጻፉ። ያልሰማችሁትን አትጻፉ። ማንም አያያችሁም፤ ውድድሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።